የአናጺው ጥግ፦ 6 ሳንቲ ጣውላ ላይ የእጅ ቀዳዳ በምን ይከፈታል?

ሰላም የአናጺው ጥግ ወዳጆች፣ እንዴት ሰነበታችሁ። በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች ጥቂቱን መርጫለሁ፣ የመጀመሪያው ረዘም ያለ ስለሆነ መልሱም ረዝሟል፣ ሌሎቹ አጠር አጠር ያሉ ናቸው።

ጥያቄ፣ ከቱሉ ዲምቱ

ጋሼ ሰላም ኖት? ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሙን አለፍ ብሎ ትንሽ የእንጨት ቤት አለችኝ፣ ብዙ ጊዜ አልጋ፣ ቁም ሳጥንና የኪችን ካቢኔት ነው የምሠራው። አሁን የሰፈራችን እድር 12 አግዳሚ ወንበር አዘዘኝ። መቀመጫው ዋንዛ ነው፣ 2 ሜትር በ30 ሳንቲ፣ ውፍረቱ 6 ሳንቲ። የእድሩ ዳኛ «ልጆቹ ከለቅሶ ቤት ለቅሶ ቤት ሲያመላልሱት መያዣ የለውም እያሉ ሁሌ ጭቅጭቅ ነው፣ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ አውጣለት» አሉኝ፣ እኔም እሺ አልኩ። አንዱን በጂግሶ፣ ቀጭን ምላጭ ባለው የኤሌክትሪክ መጋዝ ሞከርኩት፣ ከላይ ሲታይ ቆንጆ ነው፣ ገልብጬ ሳየው ግን ከስር አንድ ሳንቲ ያህል ወደ ጎን ሄዷል። ሁለተኛው ላይ ምላጩ ተሰበረ። ጎረቤቴ ብረት ቆራጭ ነው፣ «ግራይንደር ላይ የእንጨት ዲስክ ግጠምና በ5 ደቂቃ ገላገለው» ይለኛል። ሌላው ደሞ እንጨት የሚፈለፍለውን ማሽን፣ ራውተር ግዛ ይላል። ብር ማባከን አልፈልግም፣ ጣቴንም ማጣት አልፈልግም። ምን ልግዛ?

መልስ

እንኳን ዲስኩን ከመግጠምህ በፊት ጠየቅከኝ። ከግራይንደሩ ልጀምር፣ ምክንያቱም እሱን ከጭንቅላትህ ካላወጣሁት ሌላው ወሬ ትርፍ ነው። በእጅ የሚያዘው ትንሹ ግራይንደር ባዶውን በደቂቃ ወደ 11,000 ጊዜ ነው የሚዞረው፣ የተሠራውም ብረት ለመቁረጥና ለመሞረድ ነው። ጥርስ ያለው የእንጨት ዲስክ ስትገጥምለት ነገሩ ይለወጣል፣ ያ ጥርስ እንጨቱን ይነክሰዋል፣ አንዷ ጥርስ የእንጨቱ ቋጠሮ ላይ ወይ ጠበብ ያለ ቦታ ላይ ከተያዘች ማሽኑ ወዳንተ ነው የሚዘለው፣ ያም የሚሆነው አይንህን እስክትጨፍን እንኳን ሳይጠብቅ ነው። ሰዉ ደሞ ዲስኩ አልገባ ሲለው ሽፋኑን ፈትቶ ይጥለዋል፣ ከዛ በኋላ ባንተና በጥርሱ መሀል አየር ብቻ ነው ያለው። እሺ ይሄ ሁሉ ይቅር እንበል፣ ሥራውንስ ይሠራልሃል ወይ? አይሠራም። 125 ሚሊ ዲስክ መሀሉ በማሽኑ አንገት ተይዞ ወደ 3 ሳንቲ ገደማ ነው የሚገባልህ፣ ያንተ ጣውላ 6 ሳንቲ ነው። ዲስኩ ክብ ስለሆነም ወደ ታች ጥግ እስኪደርስ ከላይ መስመርህን አልፎ ይበላዋል። ጎረቤትህ ክፉ አስቦ አይደለም፣ እጁ የለመደው እሱን ስለሆነ ነው፣ ሰላም በለው ግን አትስማው።

ጂግሶህ ለምን ከስር ሄደ? ምላጩ የሚያዘው ከላይ ብቻ ነው፣ የታችኛው ጫፉን የያዘው ነገር የለም። 2 ሳንቲ ጣውላ ላይ ይሄ አይታወቅህም። 6 ሳንቲ ውስጥ ግን ምላጩ ጅማቱ ለስለስ ወዳለበት ይጎብጣል፣ ኩርባ ላይ ሲደርስ ደሞ ይብስበታል፣ አንተ ከላይ መስመሩን እያየህ ጎሽ እያልክ እሱ ከስር የራሱን መንገድ ይሄዳል፣ ቸኩለህ በገፋኸው ቁጥርም የበለጠ ይሄዳል። የተሰበረው ደሞ ምናልባት አጭር ሆኖ ነው። ልብ በል፣ ማሽኑ ምላጩን 2 ሳንቲ ከምናምን ወደ ላይና ወደ ታች ያመላልሰዋል። ምላጩ ወደ ላይ ሲመጣ ጫፉ እንጨቱ ውስጥ ከቀረ፣ ሲመለስ እንጨቱን ይወጋዋል፣ ወይ ማሽኑ ይዘላል ወይ ምላጩ ይሰበራል። ተራው 10 ሳንቲ ምላጭ ማሽኑ የሚይዘው ሲቀነስ 7 ሳንቲ ከምናምን ነው የሚተርፈው፣ ላንተ አይበቃም። 15 ሳንቲ የሚሆን ረጅም ምላጭ አለ፣ ቦሽ ከሆነ ላዩ ላይ ቲ 344 ዲ የሚል ታያለህ፣ ከእሱ ጋር 6 ሳንቲው ያልቃል። ግን ረጅም ምላጭ ደሞ ከአጭሩ በበለጠ ይጎብጣል። ገባህ? ከአንዱ ስትሸሽ ሌላው ይይዝሃል።

ስለዚህ የኔ ሀሳብ እንዲህ ነው፦ ወፍራም እንጨት ላይ ቀዳዳውን ፑንታ ይክፈተው፣ መጋዝ አያስፈልግህም። ደስ የሚለው ነገር ደሞ ፑንታው አለህ። ኪችን ካቢኔት እሠራለሁ አልከኝ አይደል? ያ የተደበቀውን ማጠፊያ የምትቀብርበት 35 ሚሊ ፎርስትነር የሚባል ፑንታ እቃ ሳጥንህ ውስጥ ነው ያለው፣ ለማጠፊያ ብቻ የተፈጠረ ይመስልሃል እንጂ ለዚህ ሥራ ከእሱ የሚሻል የለም። ጠርዙ ራሱ ስለሚመራው ቀዳዳ ከቀዳዳ ላይ ደርበህ መብሳት ትችላለህ። ለበር ቁልፍ የምንጠቀምበት ኩባያ መሳዩ ሆል ሶ ግን ይሄን አይችልም፣ መሀሉ ላይ ያለችው ፑንታ የምትነክሰው እንጨት ስታጣ ኩባያው ይዋዥቃል፣ ጥልቀቱም ብዙ ጊዜ 4 ሳንቲ አይሞላም። አካፋ መሳዩ ጠፍጣፋ ፑንታም እንደዛው ነው፣ ሲወጣ ደሞ ከስር እንጨቱን ይገነጥለዋል።

አሠራሩን ልንገርህ። የቀዳዳው ርዝመት 11 ሳንቲ ይሁን፣ ስፋቱ 3 ተኩል፣ የአንድ ወንድ አራት ጣት በደንብ ይገባበታል። መሀል ለመሀል ቀጥ ያለ መስመር አስምርና አራት ነጥብ አድርግ፣ በነጥብና በነጥብ መሀል 25 ሚሊ። ሲደመር 75 ሚሊ መጣ፣ ግራና ቀኝ የፑንታው ግማሽ ሲጨመር 11 ሳንቲህ ሞላ። ከዛ በእያንዳንዷ ነጥብ ላይ መጀመሪያ በቀጭን 4 ሚሊ ፑንታ ከላይ እስከ ታች ብሳው፣ ረጅሙን ግዛ፣ ተራው አጭሩ 6 ሳንቲ አይደርስም። አጠገቡ ስኳድራ አቁምና ድሪልህን ከእሱ ጋር አስተያየው፣ አንድ ሰው ከጎን ቆሞ «ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ» ቢልህ ደሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። አሁን ከስር ያለው ነጥብ ከላዩ ጋር አንድ ሆነ ማለት ነው። ፎርስትነሩን ከላይ 3 ሳንቲ፣ ገልብጠህ ከስር 3 ሳንቲ አስገባው፣ መሀል ላይ ይገናኛሉ። ሁለቱን ጫፎች አስቀድም፣ የመሀሎቹን ከዛ። ከሁለቱም ጎን ስለምትገባ የማጠፊያ ፑንታ አጭር መሆኑም አያስቸግርህም፣ እንጨቱም በየትኛውም ጎን አይገነጠልም።

ፑንታውን በየ5 ሚሊው እያወጣህ ፍርፋሪውን አራግፍ። ካላራገፍክ ቀዳዳው ውስጥ ይታመቅና ይቃጠላል፣ ሽታውን መጀመሪያ አፍንጫህ ያውቀዋል፣ የፑንታው ጠርዝ ሰማያዊ መሆን ከጀመረ ብረቱ ልስልስ ብሏል ማለት ነው፣ ስለቱ ከዛ በኋላ አይቆይም። ድሪልህ ግድግዳ የሚበሳው ዓይነት ከሆነ የመዶሻውን ምልክት ወደ ተራው አዙር፣ ባለ ሁለት ማርሽ ከሆነ አንደኛ ማርሽ ላይ አድርገው። ብዙ ሰው ኮንክሪት የበሳበትን ሴቲንግ ሳይቀይር እንጨት ላይ ይወርዳል፣ ከዛ ፑንታው ነው መጥፎ ይባላል።

አራቱ ሲበሱ መሀል መሀል ላይ 5 ሚሊ ገደማ የሚሆኑ ጥርሶች ይቀሩሃል፣ እነሱን በሰላ መሮ ከሁለቱም ጎን ወደ መሀል ጥረባቸው። ከላይ እስከ ታች በአንድ ምት አትሂድ፣ ከስር ይገነጥላል። መሮ ስለት ከሌለው አትጀምር፣ የደነዘ መሮ ነው እጅ የሚበላው፣ ትገፋዋለህ ትገፋዋለህ ድንገት ያመልጥሃል። ሁለቱም እጆችህ ከስለቱ ኋላ ይሁኑ። እንጨቱን በአንድ እጅ ይዞ በሌላው መሮ መግፋት የሚባል ነገር የለም።

እንጨቱ ራሱ በምን ይያዛል? ይሄ ላይ ትንሽ ልቆይ። እኛ አገር ልማድ አለን፣ «አንተ ና ቁምበት» ተብሎ አንድ ልጅ ጣውላው ላይ ይወጣል። እባክህ ይሄን አታድርግ። ደረቅ ዋንዛ ኪዩቢክ ሜትሩ ወደ 500 ኪሎ ነው፣ ያንተ መቀመጫ ሲሰላ 18 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ከባድ ነው አይንቀሳቀስም ብለህ ነው የምታስበው። 35 ሚሊ ፑንታ ሲያዝ ግን 18 ኪሎ ጣውላ ከነልጁ ሊሽከረከር ይችላል፣ ጣውላው እምቢ ካለ ደሞ የሚሽከረከረው ድሪሉ ነው፣ አብሮት ያለው ያንተ አንጓ ነው። ሁለት ካቫሌቶ (ጣውላ የሚያርፍበት ባለ እግር ድጋፍ) ላይ አጋድመህ በሁለት ክላምፕ እሰረው፣ አንድ ክላምፕ ብቻ ከሆነ እንደ ሰዓት ይዞራል። ምን ልግዛ ላልከኝ መልሱ እንግዲህ እሱ ነው፣ ሁለት ጠንካራ ክላምፕ። ከድሪሉ ጋር የመጣውን የጎን እጀታም ፈልገህ ግጠመው፣ ካርቶን ውስጥ ነው ያለው፣ ማንም አውጥቶት አያውቅም። ከመጀመርህ በፊት ጎንበስ ብለህ ከስር እይ፣ ጉልበትህ፣ ገመዱ፣ የካቫሌቶው እንጨት በፑንታው መንገድ ላይ እንዳይሆን። መነጽር አድርግ። የዋንዛ ብናኝ ጉሮሮ ስለሚይዝ ማስክም አድርግ፣ የኮሮና ጊዜው የተረፈ ካለህ ከምንም ይሻላል።

አሁን ወደ ቦታው እንምጣ፣ ምክንያቱም ከመሣሪያው ይልቅ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚ ነው። ጭራሽ አልነገርከኝም ግን የመጀመሪያውን ቀዳዳ የከፈትከው ጫፉ ጋር ወርዱን ይዘህ እንደሆነ እገምታለሁ፣ ሁሉም እንደዛ ነው የሚያደርገው። የጣውላህ ጅማት በርዝመቱ ነው የሚሄደው፣ በፈለጥከው ጊዜ የሚሰነጠቀው በዛ ነው። ቀዳዳውን በወርዱ ከከፈትክ በቀዳዳውና በጫፉ መሀል የሚቀረው ድልድይ ጅማቱ አጭር አጭር ሆኖ ይቆራረጣል፣ ልክ እንደ ደረቀ ዳቦ ቅርፊት ነው፣ አንድ ቀን ሁለት ልጆች ከነሻይ ቴርሞሱ ሲያነሱት ከቀዳዳው ጥግ እስከ ጫፍ ይሰነጠቃል። በርዝመቱ ክፈተው። ከጫፉ 15 ሳንቲ ገባ ብለህ፣ ወርዱ መሀል ላይ፣ ከጅማቱ ጋር አብሮ። ለተሸካሚውም ይሄ ነው የሚመቸው፣ ሻንጣ ስትይዝ እጀታው ወደምትሄድበት አቅጣጫ ነው የሚዞረው አይደል? አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ሆነው ወደፊት ሲሄዱ እጃቸው አይጣመምም።

ሌላ ማንም የማያስበው ነገር ደሞ አለ። 6 ሳንቲ ወፍራም ነው። ጣትህን በቀዳዳው ስታሳልፈው ከስር ለመታጠፍ የሚተርፍህ የጣትህ ጫፍ ብቻ ነው፣ መሀል ጣትህን ለካው፣ ከ8 ሳንቲ ብዙ አይበልጥም። ስለዚህ ገልብጠህ ከስር በኩል በቀዳዳው ረጅም ጎን ላይ 2 ሳንቲ ጥልቀት ያህል በጎባጣ መሮ እንደ ማንኪያ ጎርጉረው፣ ጣት የሚያርፍበት ውፍረት 4 ሳንቲ ይሆናል። አንዱን ጎን ብቻ አይደለም፣ ሁለቱንም፣ ግራኝም ቀኝም ይሸከመዋል። ከዛ ጠርዙን ሁሉ በሞረድ አክብበው፣ ለመልክ አይደለም፣ ሹል ጠርዝ ላይ 18 ኪሎ ሲንጠለጠል ጣት ይቆርጣል፣ እድሩም የሚከስህ በዛ ነው። መጨረሻ ላይ ብርጭቆ ወረቀት፣ በ80 ጀምረህ በ120 ጨርስ። እጅህን አስገብተህ ዓይንህን ጨፍነህ ዳብሰው፣ የቀረ እሾህ ካለ ጣትህ ይነግርሃል።

ራውተሩ? የዋይፋዩን ማለቴ አይደለም መቼም። ቆንጆ መሣሪያ ነው፣ በ12 ሚሊ ኤምዲኤፍ ቅርጹን ቆርጠህ፣ ባለ ኩሽኔታ ቢት ገጥመህ፣ በየ5 ሚሊው እየወረድክ ብትሄድ 24ቱም ቀዳዳ አንድ ዓይነት ይወጣልሃል። ያው መሀሉን አስቀድመህ በፑንታ ባዶ አድርገህለት ነው፣ ሙሉውን በራውተር ልፈልፍለው ካልክ ቢቱም ይቃጠላል አንተም ትደነቁራለህ። ለአንድ ትዕዛዝ ብለህ ግን አትግዛው። እንደዚህ ዓይነት ሥራ በየወሩ የሚመጣልህ ከሆነ ያኔ እናወራለን። ትንሹ፣ በአንድ እጅ የሚያዘው ትሪመር ጠርዝ ለማክበብ ብቻ ለ12 ወንበር ጊዜ ይቆጥብልሃል፣ ሰው ጋር ካለ ተዋሰው።

ያበላሸኋቸው ሁለቱስ ትለኝ ይሆናል። ከስር የሄደውን በዛው በመሮ አስፋው፣ 4 ተኩል ሳንቲ ቢሆን ማንም አይከስህም። ምላጭ የተሰበረበት ላይ ግን የምላጩ ስባሪ ውስጥ ቀርቶ እንዳይሆን በደንብ እይ፣ ፑንታህ ብረት ላይ ቢያርፍ ነው የምትደነግጠው።

ጥያቄ፣ ከለገጣፎ

የኔ ጥያቄ አጭር ነው። አጎቴ ከአሜሪካ ሲመጣ ጂግሶ አምጥቶልኛል፣ አዲስ ነው፣ ላዩ ላይ 120 ቮልት 6 አምፒር ይላል። ግቢያችን ውስጥ ከድሮ ቤት በር የወጣ ወፍራም ጣውላ አለ፣ ከእሱ ባለ እጀታ ማቅረቢያ ሰሌዳ ልሠራበት ፈልጌ ነበር። ስፒናውን ቀይሬ ልሰካው?

መልስ

እህቴ ስፒናው አይደለም ችግሩ። እኛ ጋ 220 ቮልት ነው፣ በቀጥታ ከሰካሽው ምናልባት ሁለት ሰከንድ እንደ አውሮፕላን ይጮኽና ሰማያዊ ጭስ ያሸትሻል፣ በቃ የአጎትሽ ስጦታ አለቀ። ወደ 110 ወይ 120 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልግሻል። 120 በ6 ሲባዛ 720 ዋት ነው፣ ስለዚህ 1000 ዋትና ከዛ በላይ የሆነውን ግዢ፣ ለስልክ ቻርጀር የሚሸጡትን ትንንሾቹን አይደለም። የኛ መብራት 50 ኸርትዝ የእነሱ 60 መሆኑ ለጂግሶ ብዙ ለውጥ አያመጣም።

ከድሮ በር የወጣ ጣውላ ስትይኝ ግን ሌላ ነገር አሰብኩ፣ ምስማር። የድሮ በር ውስጥ የተሰበረ ምስማር አይጠፋም፣ ከላይ ተለብጦ ወይ ቀለም ተቀብቶበት አይታይም። ማግኔት በክር አንጠልጥይና ጣውላው ላይ ቀስ እያልሽ አሳልፊው፣ በተንቀጠቀጠበት ቦታ ምልክት አድርጊ። የድሮ የዘይት ቀለም ካለበት ደሞ እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ደረቁን አትፈግፍጊው፣ ልጆች ያሉበት ግቢ ከሆነ በተለይ፣ ምግብ ለሚቀርብበት ሰሌዳም ያን ጣውላ ባትጠቀሚው ይሻላል። ሌላ ንጹህ እንጨት ካገኘሽና ውፍረቱ 3 ሳንቲ ከሆነ ጂግሶሽ በደንብ ይሠራዋል፣ ሁለቱን ጫፍ በፑንታ ብሺ፣ ምላጩን በአንዱ ቀዳዳ አስገብተሽ ከመስመሩ 1 ሚሊ ወደ ውስጥ ሆነሽ ወደ ሌላው ሂጂ፣ የቀረውን ሞረድ ይጨርሰዋል። ነጠላ ለብሰሽ ከሆነ ከወገብ በላይ አጥብቀሽ እሰሪው ወይ አውልቂው።

ጥያቄ፣ ከሱሉልታ

ጋሼ እኛ ጋ መብራት ሲመጣ ነው የሚገርመን። መሮና መጋዝ አለኝ፣ በእጅ የሚዞር መሰርሰሪያም ከአባቴ ተርፎልኛል። የምሠራው በባሕር ዛፍ ነው፣ 5 ሳንቲ። በእጅ ይቻላል?

መልስ

ይቻላል ብቻ? ድሮ በምን ነበር የሚሠራው? የአባትህ መሰርሰሪያ ጫፉ ላይ ብሎን መሳይ ጠመዝማዛ ያለው ፑንታ ካለው ወርቅ ነው የያዝከው፣ ያ ጠመዝማዛ ራሱን እየጎተተ ስለሚገባ መጫን አያስፈልግህም፣ ብቻ አዙር። ቀስ ብለህ አዙረህ ጫፉ ከስር ብቅ ሲል ቁም፣ ገልብጥና ከዛኛው ወገን ጨርሰው። ባሕር ዛፍ ላይ ይሄን ካላደረግክ ከስር ጭራሽ ይበታተናል።

ባሕር ዛፍ ዋንዛ አይደለም። በምኒልክ ጊዜ ገብቶ አዲስ አበባን የከበበ ዛፍ ነው፣ ለአጠናና ለማገዶ ወደር የለውም፣ ጣውላ ሲሆን ግን ጅማቱ ይጠማዘዛል፣ እርጥብ ከሆነ ዛሬ የከፈትከው ቀዳዳ በወሩ ሞላላ ሆኖ ታገኘዋለህ፣ ጫፉም ይሰነጠቃል። ጥላ ስር፣ መሀል መሀሉ ላይ ቀጫጭን እንጨት ጣልቃ እያደረግክ ደርድረህ በደንብ አድርቀው፣ ጫፎቹን ቀለም ወይ ሰም ቅባቸው፣ ውሃው በጫፍ በኩል ቶሎ እንዳይወጣ።

ቀዳዳዎቹን ደራርበህ ብሳና መሀል መሀሉን በመሮ አውጣ። መሮ ከሌለህ ምናለሽ ተራ ሂድ፣ ከባሌስትራ የተቀጠቀጠ ታገኛለህ፣ ስታነሳው መልኩን ሳይሆን ስለቱን እይ፣ ጥፍርህ ላይ ብታስደግፈው የሚንሸራተት ከሆነ ገና መሳል አለበት። መዶሻህ የብረት ከሆነ የመሮውን እጀታ ይበትነዋል፣ ከወይራ ጉማጅ የእንጨት መዶሻ ለራስህ ሥራ። ባሕር ዛፍ ሲፈለጥ ስንጥሩ ይረጫል፣ ያለ መነጽር አትሞክረው፣ በእጅ መሣሪያ ነው ብለህ አትናቀው።

ጥያቄ፣ ከሰበታ

ባለፈው እትም ድሪል ስትጠቀሙ ጓንት አውልቁ ብለው ጽፈዋል። ስህተት ነው መሰለኝ፣ እኛ መሥሪያ ቤት ያለ ጓንት አያስገቡንም።

መልስ

ስህተት አይደለም ወንድሜ። ጣውላ ስታወርድ፣ ስትሸከም፣ ቆርቆሮ ስትይዝ ጓንት አድርግ። የሚዞር ነገር አጠገብ ግን አውልቀው፣ ፑንታው የጓንቱን ክር ከያዘ ጓንቱን ብቻ አይደለም የሚጠመጥመው፣ ጣትህ ውስጡ ነው ያለው። ረጅም እጅጌም፣ የአንገት ሀብልም፣ የጣት ቀለበትም እንደዛው።

ጓንት ስታነሳ ሌላ ትዝ አለኝ፣ ስለ መብራት። ጂግሶና ግራይንደር ላይ ጣት እንዳይደክም ተብሎ ማብሪያውን ቆልፎ የሚይዝ ትንሽ ቁልፍ አለ። ከዓመታት በፊት ቃሊቲ አካባቢ ተቀጥሬ በምሠራበት ቤት ጂግሶውን ቆልፌ እየቆረጥኩ መብራት ሄደ። እኔም እንደለመድኩት ማሽኑን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቼ ቡና ልጠጣ ወጣሁ፣ ከሶኬት አልነቀልኩም፣ ቁልፉንም አልለቀቅኩም። ሁለተኛውን ስኒ ሳልጨርስ መብራት መጣ። ማሽኑ ብቻውን ተነስቶ ጠረጴዛው ላይ እየዘለለ የራሱን ገመድ ቆርጦ መሬት ወደቀ፣ የወደቀው ደሞ ሰልጣኙ ልጅ እግር አጠገብ ነው፣ ሰንደል ጫማ አድርጎ ነበር። ስንት ሳንቲ እንደነበረ አልለካሁም። ከዛ ቀን ጀምሮ መብራት ሲጠፋ እጄ መጀመሪያ የሚሄደው ስፒናው ጋር ነው፣ ከሻማውም በፊት።

ጥያቄ፣ ከመናገሻ

ንብ አረባለሁ፣ ዕድሜዬ 67 ነው። የዘመናዊ ቀፎ ሳጥን በራሴ እሠራለሁ፣ ጣውላው 2 ሳንቲ ተኩል ነው። ሳጥኑ ማር ሲሞላ ለማንሳት ጎንና ጎኑ ላይ የእጅ ቀዳዳ ልከፍትበት አስቤ ነበር።

መልስ

አባቴ እርስዎስ ባይቀዱት ነው የምመርጠው። ቀዳዳው አሳልፎ ከወጣ ንቦቹ ሁለተኛ በር አገኙ ማለት ነው፣ ጠላትም በዛ ይገባባቸዋል፣ እርስዎም ጣትዎን የት እንደሚያስገቡት ያስቡት። ሳያሳልፉ ግማሽ ድረስ መጎርጎር ይቻላል፣ ግን 2 ሳንቲ ተኩል ጣውላ ላይ 1 ሳንቲ ተኩል ጎርጉረው ለጣት የሚበቃ መያዣ አይወጣውም፣ ማር የሞላ ሳጥን በጣት ጫፍ ብቻ ይዘው ማንሳት ደሞ ለወገብም ጥሩ አይደለም። 3 በ4 ሳንቲ የሆነ ቁራጭ እንጨት ሳጥኑ ጎን ላይ አግድም ይግጠሙለት፣ ከጎኑ ርዝመት ጋር እኩል ቢሆን ይሻላል፣ በኮላና በአራት ብሎን። የላይኛውን ፊቱን ትንሽ ወደ ውጪ ያዘንብሉት፣ ዝናብ እንዳያቁር፣ የታችኛውን ጠርዝ ደሞ ለጣት እንዲመች ያክብቡት። ብሎኑ ከ5 ሳንቲ እንዳይረዝም፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ከወጣ ፍሬሙን ሲያወጡ ይይዝብዎታል።